ተጋድሜ ስነዳ ያገኙኝ ሰዎች

ሰበታ ውስጥ ብረት በያጅ ነኝ። ወገቤን ስለሚያመኝ ከአሮጌ ወንበርና ከሁለት ብስክሌት ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት ሠርቻለሁ፤ ፔዳሉ ከፊት ነው፣ እኔ በጀርባዬ ተንጋልዬ እመታዋለሁ።

በማስተር ፕላኑ ረብሻ ጊዜ መንገድ ተዘጋ፣ ታክሲ ጠፋ። ነርሷ ባለቤቴ ጤና ጣቢያ ከገባች ሁለት ቀን ሆኗት ስለነበር ምሳ ቋጥሬላት በዚሁ ብስክሌት ወጣሁ። ድንጋይ የተደረደረበት ቦታ ስደርስ መንገዱን የዘጉት ወጣቶች ከበቡኝ። ሊደበድቡኝ ነው ብዬ ነበር። እነሱ ግን ያዩት ተጋድሞ የሚሄድ ሰው ነው። እኛ ጋ ደግሞ ሕመምተኛ ተጋድሞ ያየ ሰው ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ከነብስክሌቴ ብድግ አደረጉኝ።

«ደህና ነኝ፣ አውርዱኝ» አልኩ።

«ኦብሲ፣ ቻለው» አሉኝ ከመሃላቸው ያሉ ኦቦ ቶላ የሚሏቸው ሽማግሌ። «ሕመምተኛ ሁሉ ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

ልወርድ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር «ያዙት፣ እያንቀጠቀጠው ነው» ይባባላሉ። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ እየተቀባበለ ተሸክሞ ጤና ጣቢያው በር ላይ አደረሰኝ።

ባለቤቴ ሁለት ቀን ሙሉ ቁስለኛ ስትቀበል ነው የከረመችው። እኔን በሰው ትከሻ ላይ ስታይ እጇን ራሷ ላይ ጭና መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ታለቅስ ጀመር። እንዳስቀመጡኝ ዘልዬ ተነሳሁና ምሳውን ዘረጋሁላት።

እስከዚያ ድረስ አብረው የመጡት ኦቦ ቶላ ክንዴን ጨመደዱኝ።

«ተኛ አንተ። ሚስትህ እንዲህ እያለቀሰች ነው ደህና ነኝ የምትለው?»