በቱሩን ስም ያለው መብራት

እኛ በሰሜኑ ብርድ አገር የምንኖር የሃርዳንገር ሰዎች ትዳራችንንና ሕመማችንን ሆድ ይፍጀው ብለን እንይዛለን፤ ስለ መብራት ዋጋ ግን ዝም በሉ ቢሉን አንሰማም። ዋጋው በየሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ነገ በየትኛው ሰዓት እንደሚወደድ ዛሬ ስልካችን ላይ ይወጣል። ጎረቤት ለጎረቤት ደህና ዋልክ ሳይባባል “ነገ ጠዋት እንዳትነካው፣ እሳት ነው” ብሎ ያልፋል። በዚህ ነገር የሰፈሩ አዋቂ የጎረቤቴ የሲቨርት ሚስት ቱሩን ነበረች።

ሲቨርት የጀልባ ሞተር ሲጠግን የኖረ፣ እጀ ወርቅ፣ ግን ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ቤቱ ቱሩን ከአባቷ የወረሰችው ስለሆነ የመብራቱ ውል በስሟ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናውንም ያስገዛችው እሷ ናት። የእሱ ድርሻ ገመዱን መሰካት ብቻ ነበር። በመስኮት ብቅ ትልና “አሁን” ስትለው ይሰካል፤ “ንቀለው” ስትለው ይነቅላል። እኔ ከአጥሩ ማዶ ሆኜ፣ አንተ ባል ነህ ወይስ ማብሪያ ማጥፊያ እያልኩ ስነቁረው የቱሩን ሳቅ እስከ ባሕሩ ይሰማ ነበር። እሱም ያኔ ይስቅ ነበር።

ከዚያ ቱሩን መርሳት ጀመረች። በመጀመሪያ የመብራቱን ሰዓት፣ ቀጥሎ ምድጃውን ማጥፋት፣ በኋላ የልጇን ስም። የፖም ለቀማው እንዳለቀ ከድልድዩ ማዶ ያለው የአረጋውያን ቤት ገባች። ሲቨርት ቡናማ አይብ የተደረበበትን ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ በየቀኑ ይሄዳል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ይመለስና መኪናውን ወዲያው ቻርጅ ላይ ይሰካዋል። አሥር ሰዓት ማለት አገሩ በሙሉ ከሥራ ገብቶ ምግቡን የሚያበስልበት፣ የመብራት ዋጋ ሰማይ የሚነካበት ሰዓት ነው። እዚህ አገር ሕፃን እንኳ የማይሳሳተውን ነበር የሚሳሳተው።

ነገርኩት። ደህና ነው አለኝ። ቱሩን እንዴት ናት ስለው ደህና ነው፣ በልተሃል ወይ ስለው ደህና ነው። አንዳንዴ ፊቱን ሳይ እናደድበት ነበር፤ ሰው እንዴት እንዲህ ድንጋይ ይሆናል እላለሁ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሰውየው በብርድ እንደደረቀ እጅ ደንዝዞ ነበር፤ ቢቆርጡትም አይሰማውም።

ብርዱ ሲጠና የመብራቱ ሂሳብ ልጃቸውን ማሪትን ከበርገን ከተማ አስመጣት። ማሪት ስታወራ እንደ እናቷ ናት፣ ፈጣን። እኔም በተጠራሁበት ቡና ላይ ሲኒውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ነገሩን ዘረዘረችለት። አንዱ መንገድ የድሮውን ውል ይዞ ሰዓት እየጠበቁ መሰካት ነው። ሌላው ቀንም ሌሊትም ዋጋው አንድ የሆነ አዲስ ውል መዋዋል ነው።

“አንድ ዋጋውን ውሰድ አባባ” አለችው። “እንደመጣህ ትሰካለህ፣ በቃ። በዚህ አያያዝህ ሂሳቡ አቅቶህ እማማን በየቀኑ ማየቱን ልትተወው ነው።”

እሱን እንደማይተው ሦስታችንም እናውቃለን። እሺ አለ። እዚያው ለመብራት ድርጅቱ ተደወለ፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን ሁላችንም እንሰማለን። ከድርጅቱ የምታነጋግረው ልጅ ትሕትና ያላት ናት። አዲሱ ውል በሲቨርት ስም እንዲሆን የቱሩን መዘጋት እንዳለበት ነገረችው፤ ለዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ቀራት።

“ቱሩን ቤቱን ለቅቃ ወጥታለች?”

ማሪት በከንፈሯ ብቻ “አዎ በል” አለችው። ሲቨርት ስልኩን አየው፣ እጁን አየው።

“መጀመሪያ እሷን ልጠይቃት” ብሎ ዘጋው።

ማሪት ተቆጣች፣ ከዚያ አለቀሰች፤ “የእኔን የልጇን ስም የረሳች ሴት ስለ መብራት ምን ትልሃለች?” አለችው። “ውሉ የሷ ነው” አላት፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

እሑድ አብሬው ሄድኩ። ቱሩን ፀጉሯ ተበጥሮላት ፀሐይ በሚገባበት በኩል ተቀምጣለች። ሲቨርት ወንበር ስቦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገና የሁለቱን ውሎች ነገር ከሀ እስከ ፐ አስረዳት። እሱን ያህል ሲናገር በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። እሷም አንገቷን ዘንበል አድርጋ በጥሞና ሰማችው፤ ዓይኗ ልክ እንደ ጥንቱ ነቅቷል። ለአፍታ ያህል፣ ልትመልስለት ነው ብዬ ጠበቅኩ።

“ሚስት የለህም?” አለችው።

“አለችኝ።”

“ታዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እሷን ጠይቃት እንጂ። እንዲህ ያለ ነገር ከቤት ሰው ጋር ሳይማከሩ አይደረግም።”

“እውነትሽን ነው” አለ ሲቨርት። “እጠይቃታለሁ።”

ስንመለስ መንገዱ በሚያልፍበት ዋሻ ውስጥ እኔ አለቀስኩ። እሱ መንገዱን እያየ ይነዳል፤ ቤቴ ሲያደርሰኝም አብሬው ስለሄድኩ አመሰገነኝ።

በማግስቱ ለድርጅቱ ራሱ ደወለ። ያቺው ጥያቄ ስትመጣ አዎ፣ ወጥታለች አለ። ይህን የነገረኝ ከሰዓት በኋላ አጥሩ ጋ መጥቶ ነው፤ የመጣውም ሊነግረኝ ሳይሆን ስልኩን ሊያሳየኝ ነበር። ድርጅቱ ለአዲስ ደንበኛ ሁሉ የሚልከው መልእክት ደርሶታል። “ሲቨርት፣ እንኳን ወደ አዲሱ ቤትህ በደህና መጣህ! ኑሮው እንዲመችህ እንመኛለን” ይላል።

ሁለቴ አነበብኩት። ፊቱን አየሁት፣ ምንም የለበትም።

“ለዚህ መልስ ይላካል እንዴ?” አለኝ።

አያስፈልግም አልኩት። እሺ ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተና መኪናውን ሊሰካ ሄደ።