ዳዶውን ያወለቅሁት እኔ ነበርሁ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ግንቦት ነው። ሰፌድ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ በእኛ አገር ደግሞ ሰፌድ የሌለበት ቤት የለም።

ጎንደር ውስጥ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ። ተማሪዎቼ ለመመረቂያቸው በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን እየሠሩ ነበር። የቀራቸው ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ጥምዝ ዘንግ ብቻ ነበር። እሱም ከአዲስ አበባ ወር አስጠብቆን መጣ፤ ምትክ የለውም። ፈታኞቹ ማክሰኞ ይመጣሉ። ማሽኑ ካልሠራ አሥራ አንዱም ተማሪዎች አያልፉም።

ይህ ዘንግ ከተራ ቡሎን የሚለየው፣ ላዩ ላይ የሚመላለሰው ዳዶ ውስጥ ምስር የሚያካክሉ የብረት ብዮች ስላሉ ነው። ዘንጉ ሲዞር ብዮቹ በቦዩ ይንከባለላሉ፤ ዳዶውም ሳይንገጫገጭ ይሄዳል።

የዘንጉ ጫፍ ደግፎ በሚያዞረው ኩሽኔታ ውስጥ እንዲገባ መቅጠን ነበረበት። የኮሌጁ የብረት መላጫ ቶርኖ ለጥገና ተፈትቶ ስለነበር ዓርብ ዕለት አያ ታረቀኝ ቶርኖ ቤት ወሰድሁት። አያ ታረቀኝ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ብረት ሲልጡ የኖሩ ሰው ናቸው።

ከእኔ በፊት እትዬ በለጡ የሚባሉ ከኮሶዬ ገጠር የመጡ ሴት የተሰበረ የወፍጮ ዘንግ ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ከገበያ የገዙት አዲስ ሰፌድ አለ። ስለ ፈተናው ስነግራቸው፣ “ተማሪዎቹ ይቅደሙ። የእኔ ወፍጮ እንደሆነ ቆሞ ሰንብቷል” ብለው ተራቸውን ሰጡኝ።

አያ ታረቀኝ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን 1605 አነበቡና፣ “ዘመኑ ከጎንደር ግንብም ይቀድማል እንዴ?” አሉ።

ቀልድ መሆኑን ሳላጣራ ማስረዳት ጀመርሁ። አሥራ ስድስቱ የዘንጉ ውፍረት ነው፣ በሚሊሜትር። ዜሮ አምስቱ ደግሞ ዘንጉ አንድ ዙር ሲዞር ዳዶው አምስት ሚሊሜትር ይሄዳል ማለት ነው። ላዩ በእሳት የጠነከረ ስለሆነ ተራ ቢላ አይበላውም፤ መጀመሪያ ቅርፊቱ በግራይንደር ይነሣል፣ ከዚያ በካርባይድ ቢላ ይላጣል።

“ይህንስ አውቃለሁ፣ መምህር” አሉ።

እኔ ግን ዋናው ገና ይቀረኝ ነበር። “ከሁሉም በላይ ዳዶው መውለቅ የለበትም” አልሁ። “ሰው ሳያስበው እንዲህ እያዞረ፣ እያዞረ፣ ጫፉ ላይ ያደርሰውና…”

አደረስሁት። ብዮቹ ወለሉ ላይ በተከመረው የብረት ልጣጭ ውስጥ ተበተኑ።

አያ ታረቀኝ ቶርኖውን አጠፉ። “አሁን ገባኝ” አሉ።

ማግኔት አመጡ። ማግኔቱ ብዩንም ልጣጩንም እኩል አነሣ። ተንበርክኬ በጣቴ ስለቅም ልጣጩ ቆረጠኝ። እትዬ በለጡ ጥቂት አዩኝ።

“ምነው ልጄ፣ ምስር ከገለባ በጣት ነው እንዴ የሚለየው?”

አዲሱን ሰፌድ አነሡ። ልጣጩን ከነብዩ አፈሱበትና ያንገዋልሉ ጀመር። ክቡ ሁሉ ወደ ዳር ተንከባለለ፤ ጥምዝምዙ መሐል ቀረ። ሰፌዱ በዘይት ጠቆረ።

“ስንት ነበሩ?” አሉኝ።

ውፍረቱን፣ ርምጃውን፣ ጥንካሬውን አውቃለሁ። ቁጥሩን አላውቅም።

“አልቆጠርኋቸውም።”

“ሳትቆጥር ነው የበተንኸው? እኔ ጫጩት እንኳ ቆጥሬ ነው የምለቅ።”

ወለሉ ላይ ያለውን ልጣጭ አራት ጊዜ እያፈሱ አንገዋለሉት። አያ ታረቀኝ ብዮቹ ዳግም እንዳይወድቁ ዳዶው የሚያርፍበት ቱቦ ላጡልኝ፤ እኔም ብዮቹን በግራሶ እያጣበቅሁ አንድ በአንድ ወደ ቦያቸው መለስሁ። ሥልሳ አራት ሲሆኑ ቦዩ ሞላ። ዳዶው ቱቦው ላይ እንዳለ የዘንጉ ጫፍ ተላጠ፤ ዳዶውን ከቱቦው ወደ ዘንጉ አሻገርነው፤ ኩሽኔታውም ልክ ገባ። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም ነገር አላስረዳሁም።

የእትዬ በለጡ ዘንግ ሳይደርስ መሸ። የኮሶዬ መኪና አመለጣቸውና ከተማ እህታቸው ቤት አደሩ።

ማክሰኞ ማሽኑ ሠራ፤ ተማሪዎቹ አለፉ። ቅዳሜ አዲስ ሰፌድ ገዝቼ ኮሶዬ ወጣሁ። ወፍጮው ይፈጫል። እትዬ በለጡ ሰፌዱን አገላብጠው አዩ።

“ስንት ሆኑ?”

“ሥልሳ አራት።”

“ሸጋ” አሉ፤ ወደ ወፍጯቸው ተመለሱ።

ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ፤ ተራቸውን የሰጡኝን ሳስብ ደግሞ የበለጠ። ዳዶው መውለቅ እንደሌለበት አሁንም አስተምራለሁ። ሳስተምር ግን ሁለት እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ ነው። ተማሪዎቹ ኩራት ይመስላቸዋል።