ፊደንሲዮ ያልተጻፈበት መጽሐፍ

ፊደንሲዮ ኦልቬራ በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ በሳን ቤኒቶ ከተማ፣ አርባ ዓመት ሙሉ አኮርዲዮን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከሜክሲኮ ወንዙን ተሻግሮ ብርቱካን ለቀማ ገባ፤ ለቀማው ወገቡን ሲቆርጠው ከአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ዘንድ ተጠግቶ ሙያ ቀሰመ። መጫወቱ እምብዛም አይሆንለትም። ሰዎች "እስቲ አንድ ዘፈን" ሲሉት፣ "እኔ አዋላጅ ነኝ፤ ማማጡን ለእናትየዋ ተዉት" ይላል። የአካባቢው የሠርግ አጫዋቾች ግን ወናፉ ሲቀደድ፣ በውስጡ ያለው የብረት ምላስ ሲዝግ፣ መሣሪያቸውን ታቅፈው የሚመጡት ወደ እሱ ጓሮ ነው።

ኸርሊንዳን ሲያገባት የአራት ዓመት ልጅ ነበረቻት፤ ማሪሴላ። የልጅቱ አባት ሮሄሊዮ ካንቱ ሪዙን አሳምሮ የሚከረክም፣ ወሬው የሚጣፍጥ ሰው ነበር። ሥራ ፍለጋ ብሎ ወደ ሂዩስተን ወጣና በዚያው ቀረ። የካንቱ ዘር በአኮርዲዮን የታወቀ ነው፤ አያቱም ቅድመ አያቱም በየጭፈራው ስማቸው የሚጠራ ነበሩ። ሮሄሊዮ ከዚህ ሁሉ የወረሰው የአያቱን ቀይ አኮርዲዮን ብቻ ነበር፤ እሱንም አልጋ ሥር ጥሎት ሄደ። ፊደንሲዮ ከአቧራው አወጣው፣ ምላሶቹን የሚይዘውን ሰም ቀየረ፣ ወናፉን ለጠፈ፣ ቃኝቶ ለልጅቱ ሰጣት።

ከዚያ ወዲያ ማሪሴላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ወርውራ ቀጥታ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ነበር። የብረት ምላሶቹን በየመጠናቸው ትደረድርለታለች። እሱ አንዷን በሞረድ ሁለቴ ፋቅ ፋቅ ያደርጋትና ይነፋታል።

"አሁንስ?"

"ገና ታለቅሳለች።"

እንደገና ይሞርዳል። "አሁንስ?"

"አሁን ሳቀች!"

ልጅቱ አድጋ ሳን አንቶኒዮ አስተማሪ ሆነች። እናቷ በሞተች በስድስተኛው ዓመት "የአባቴ አኮርዲዮን" የሚል የልጆች መጽሐፍ አሳተመችና ለፊደንሲዮ በፖስታ ላከችለት። በየገጹ ከላይ ስፓኒሽ፣ ከታች እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ፊደንሲዮ እንግሊዝኛውን ሲናገር እንደ ነገሩ ይወጣዋል፤ ማንበብ ግን አያውቅም። ከላይ ያለውን ስፓኒሽ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አራተኛው ገጽ ላይ ሰውየው "አሁንስ?" ሲል ልጅቱ "ገና ታለቅሳለች" ትላለች። ፊደንሲዮ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፤ መልሶ አደረገና እንደገና አወለቀው።

ሦስት ሳምንት መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ከተማውን ዞረ። ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ አሳየ፤ ለቄሱ አሳየ። "ሠዓሊው ሪዝ ጨመረብህ እኮ!" ሲሉት፣ "ምናለበት፣ ያምርብኛል" እያለ ይስቃል።

በአራተኛው ሳምንት ጸጉሩን ሊቆረጥ ኔቶ ዘንድ ሄደ። ኔቶ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ማሪሴላን ክርስትና ያነሳትም እሱ ስለሆነ አበልጁ ነው። ግማሽ ጸጉሩን ከቆረጠለት በኋላ እጁን ጠራርጎ መጽሐፉን አገላበጠ።

"አበልጄ፣ ይቺ የመጨረሻዋ ገጽ በእንግሊዝኛ ብቻ ናት። አነበቡልህ?"

"የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ መስሎኝ ተውኳት። ምን ትላለች?"

ኔቶ ጮክ ብሎ ጀመረ። ድምፁ እየቀነሰ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ተወው።

"ምነው ዝም አልክ?"

"እንዳልከው ነው፣ የማተሚያ ቤት ነገር ነው።"

"ኔቶ፣ ሠላሳ ዓመት አንገቴን ለምላጭህ የሰጠሁህ ሰው ነኝ። አትዋሸኝ።"

ኔቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "'ይህ ታሪክ እውነተኛ ነው' ትላለች። 'አባቴ ሮሄሊዮ ካንቱ፣ የአኮርዲዮን ቤተሰባችን አራተኛ ትውልድ፣ የአያቶቹን መሣሪያ ጠግኖ ሰጠኝ። መስማትን ያስተማረኝ እሱ ነው።'"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምስጋና ነው። ለእናቷ፣ ለአሳታሚዎቹ፣ ለጓደኞቿ። ለድመቷም ሳይቀር።"

"ለእኔስ?"

ኔቶ ምናልባት በስተጀርባው ካለ ብሎ ገጹን ገልብጦ አየ። "የለህም" አለ።

ፊደንሲዮ ተነሥቶ ወጣ። ግማሽ ጸጉሩ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንደ ቆመ፣ በዋናው መንገድ በጠራራ ፀሐይ ወደ ቤቱ ሄደ። ያየው ሁሉ ዞሮ አየው፤ እሱ ማንንም አላየም።

አንጀቱን የቆረጠው የስሙ መቅረት ብቻ አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ የመብራቱን፣ የሐኪሙን፣ የመንግሥቱን ደብዳቤ ስታነብለት ያደገችው ማሪሴላ ናት። የቱን ማንበብ እንደሚችል፣ የቱን እንደማይችል ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በሚያነበው ገጽ ሁሉ እሱን አስቀመጠችው። በማያነበው ገጽ ሌላ ሰው አስገባች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማሪሴላ ራሷ መጣች። በማግስቱ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ለልጆች ልታነብ ተጋብዛለች። ቀዩን አኮርዲዮን ይዛለች።

"አባዬ! ናፍቀኸኛል!" ብላ አቀፈችው። "ጸጉርህ ምን ሆኖ ነው? ይቺን እይልኝ፣ ድምፅዋ ታፍኗል። ለነገ ትድረስልኝ።"

"ነገ ማን ነው የሚይዛት?"

"ሮሄሊዮ ይመጣል። ካገኘሁት ሁለት ዓመት ሆነኝ። አርጅቷል፣ አባዬ፤ ልነግርህ እያሰብኩ..."

"ኔቶ የመጨረሻውን ገጽ አነበበልኝ።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "አሳታሚዎቹ ስለ ቤተሰብ ባህል፣ ስለ ዘር ሐረግ የሚያወራ ነው የሚፈልጉት። አራት ትውልድ ስላቸው ዓይናቸው በራ። ደግሞ ስለ መኖሪያ ወረቀትህ ፈራሁ። ጊዜው ክፉ ነው፣ ስምህ ወጥቶ..."

"ወረቀቴን ሳገኝ የመጀመሪያ ጥርስሽ ገና አልወለቀም። ፎቶውን ስነሳ ጭኔ ላይ ነበርሽ፤ ፎቶ አንሺው 'ልጅቱን አስቀምጣት' ብሎ ተቆጣኝ።"

ማሪሴላ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ አቀረቀረች። "እሺ፣ ዋሸሁ። ሕፃን እያለሁ 'የማን ልጅ ነሽ?' ሲሉኝ ካንቱ ካልኩ 'ጥሏችሁ የሄደው?' ይሉኛል። አንዴ እንኳ፣ በወረቀት ላይ እንኳ፣ ያልጣለኝ የራሴ አባት እንዲኖረኝ ፈለግሁ።"

"እኔስ የሌላ ሰው አባት ነበርኩ?"

ማሪሴላ አለቀሰች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንባዋን ሳያብስ አይቀርም ነበር፤ ዛሬ እጁ አልታዘዘውም። ቀዩን አኮርዲዮን በሁለት እጁ አንሥቶ መልሶ አስታቀፋት።

"ወደ አባትሽ ውሰጂያት። ጠጋኝ ነው ተብሎ ተጽፏል አይደል?"

እሑድ ፊደንሲዮ አልሄደም። ኔቶ ሄዶ ነበርና ማታውን ሳይጠብቅ መጥቶ አወራለት። ሮሄሊዮ ባርኔጣውን ደፍቶ አኮርዲዮኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ልጆቹ "ይጫወትልን! ይጫወትልን!" ብለው ሲያስጨንቁት ወናፉን ሳበው፤ እንደ ታነቀ ፍየል ጮኸ። ልጆቹ ቀልድ መስሏቸው በሳቅ ፈረሱ። ማሪሴላ መጽሐፉን እስከ መጨረሻው አነበበች፤ አራተኛው ገጽ ላይ ግን ድምፅዋ ተቆራርጦ ውኃ ጠየቀች።

"ደስ አይልህም?" አለው ኔቶ።

"የአኮርዲዮኑ የቀኝ ጎን ነው የግራው የጮኸው?" አለ ፊደንሲዮ። ኔቶ አላወቀም። ፊደንሲዮ ግን ደስታ አልተሰማውም።

ከወር በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ስድስት ገጽ፣ ሁሉም በስፓኒሽ። መጽሐፉ ዳግመኛ ሲታተም የመጨረሻውን ገጽ እንደምታስተካክል፣ ስሙን እንደምታስገባ ጻፈች። የመጀመሪያው ኅትመት ግን ተሸጦ ሳያልቅ ቀረ፤ ሁለተኛም አልመጣም። በኸርሊንዳ ሙት ዓመት ማሪሴላ መጥታ አብረው መቃብሩን ጠረጉ፣ አበባ ተከሉ። ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ስለ ብርቱካኑ በሽታ አወሩ። ምሳ ጋበዛት። ስትሄድ መኪናዋ ድረስ ሸኛት፤ በጎማዋም ላይ አየር ማነሱን ነገራት። ከዚያ የጠለቀ ቃል በመካከላቸው አልተነገረም።

በዚያ ዓመት መኸር አንዲት ወጣት አስተማሪ የትምህርት ቤቱን አሮጌ አኮርዲዮን ይዛ ወደ ጓሮው ገባች። ዙሪያውን ስታይ ፊቷ ፈካ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ለልጆቹ ሁልጊዜ የማነብላቸው መጽሐፍ አለ፤ ስለ አኮርዲዮን ጠጋኝ አባት። የጠጋኙ ዘመድ ነዎት?"

ፊደንሲዮ ወናፉን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ ቀዳዳውን ፈለገ።

"አይደለሁም" አለ። "ሐሙስ ይምጡ፣ ይደርሳል።"