ቀንዶቿ ከፀሐይ ይሸሻሉ

ዛሬ ከክር ፋብሪካው ውዬ ኮምቦልቻ ቤታችን ስገባ፣ የተቀረጸ እርሳስ ሽታ ተቀበለኝ። የወንድሜ ልጅ ሃያት ደብተሯን ዘርግታ ትጠብቀኛለች።

«አክስቴ፣ የሕዋ ክበብ ገባሁ! አያቶቻችን ስለ ጨረቃና ስለ ከዋክብት የሚያውቁትን ጠይቃችሁ ገጽ ሙሉ ጽፋችሁ ኑ ተባልን።»

ያ ሽታ መልሶ ደሴ ሆጤ፣ የልጅነት መማሪያ ክፍሌ ውስጥ አስቀመጠኝ።

አያቴ የሠፈሩ ጨረቃ ጠባቂ ነበሩ። ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ዓይናቸው ስለደከመ እኔን አስከትለው፣ ፀሐይ ስትገባ ከቤታችን በላይ ካለው ጉብታ ይወጡና ከዘራቸውን ወደ ገባችበት አጋድመው «በዚህ ተከተይ፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ናት፣ ቀንዶቿም ሁልጊዜ ከፀሐይ ይሸሻሉ» ይሉኝ ነበር። ጉሙ አልገለጥ ሲላቸው እንደ ባለጌ ጎረቤት ይቆጡታል። «አየኋት!» ስል ሽማግሌዎቹ ሁሉ ጣቴን ይከተላሉ፤ በዕድሜዬ ሰው የእኔን አፍ የጠበቀው ያኔ ብቻ ነው። «ጨረቃን ስትጨርሺ ከዋክብቱን አስተምርሻለሁ» ብለውኛል።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህሩ ስለ ጨረቃ የሚያውቅ አለ ወይ ሲሉ፣ አንስቼው የማላውቀውን እጄን አነሳሁና አያቴ ያሉትን ተናገርኩ።

«ቀንድ ካላት ለምን አትታለብም?» አሉ መምህሩ። «የጠየቅኩት ሳይንስ ነው፣ የሽማግሌ ተረት አይደለም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ «አላቢዋ» ሆነ፤ እኔም ዓመቱ ሲያልቅ እናቴን ላግዝ ብዬ ትምህርቱን ተውኩት።

የሚቆረቁረኝ ግን እሱ አይደለም። በተከታዩ ረመዳን አያቴ ከዘራቸውን ይዘው «ነይ፣ ዓይኔ» ሲሉኝ «ተረት ነው፣ አልሄድም» አልኳቸው። «አብሽሪ» ብለው ብቻቸውን ወጡ። ሲመለሱ ጎረቤቶች «አዩ ወይ?» ቢሏቸው «ዓይኔ አልመጣችም» አሉ። የጾሙን መግባት ከሬዲዮ ሰማን። ከዚያ ወዲያ ጉብታው ላይ አልወጡም፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞቱ።

አያቴ ስለ ቀንዶቿ ያሉትን ስነግራት ሃያት መጽሐፏን ገለጠች። «ወላሂ እውነታቸውን ነው! የጨረቃ የበራው ጎኗ ሁልጊዜ ወደ ፀሐይ ነው ይላል፤ ቀንዶቿ ይኸው ከፀሐይ በተቃራኒ!»

ሥዕሉን ሳየው አፈርኩ፤ በመምህሩ ሳይሆን በራሴ።

«እሺ፣ ስለ ከዋክብቱስ ምን ይሉ ነበር?»

ገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ተጽፏል። ሃያት እርሳሷን ይዛ አፌን ትጠብቃለች።