የቅርፊት ወፍጮ ፍለጋ ወደ ሸዋ ሮቢት

ፋቂ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ልማዴ ስለሆነ ነው፤ ሰው ከኋላዬ ሆኖ ከሚያንሾካሹክ እኔው ፊት ለፊት ብነግረው ይሻላል። አባቴ ቆዳ አልፊ ነበር፣ አያቴም እንዲሁ። በደብረ ሲና በእኛ ጠፍር አልጋውን ያልወጠረ፣ በእኛ ስልቻ እህሉን ያልጫነ ሰው አልነበረም። ቤታችን ገብቶ ውሃ የጠጣ ሰውም አልነበረም። ቡዳ ናቸው ይሉናል፤ ቆዳችንን ይገዙና እጃችንን ይፈሩታል።

ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ታላቅ እህቴ እትዬ ወለላ ትከሻዋን ታመመች። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቆዳ የሚለፋው በግራር ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ደቆ ውሃ ውስጥ ሲገባ ቀይ ቀለም ያወጣል፤ ቆዳው ያንን ጠጥቶ ነው ከመበስበስ የሚድነው። በግቢያችን ቅርፊት የምትወቅጠው እሷ ነበረች። እኔም ሞክሬአለሁ፤ የእኔ ዘነዘና ሙቀጫውን ይደበድባል እንጂ ቅርፊቱን አያደቀውም። ክንዷ አልነሳ ያለ ዕለት የዓመቱ ቆዳችን ሁሉ ጸጉሩ ተገፎ ጉድጓድ ውስጥ በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ ነበር። ቀለሙ ቶሎ ካልደረሰለት ይበሰብሳል።

ወሬ ደግሞ ቀድሞ ደርሶን ነበር። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ጣሊያን ቅርፊት የሚፈጭ መኪና ተክሏል፣ ከጎኑ የቆዳ ፋብሪካ ሊከፍት ፋቂዎችን እየሰበሰበ ነው ተባለ። ግቢህን ዘግተህ፣ ቤተሰብህን ይዘህ ወርደህ የእሱ የቀን ሠራተኛ ትሆናለህ፤ ከዚያ ቅርፊቱም ቆዳውም የእሱ ነው። እትዬ ወለላ ዘነዘናዋን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀምጣ አዳመጠችኝና፣

«ቆዳው ከበሰበሰ የምንበላው ስለማይኖር እንወርዳለን፣ ምርጫ የለንም» አለች። «ካልበሰበሰ ግን በአባቴ ግቢ እሞታለሁ። ሂድና ቅርፊቱን አስፈጭተህ ና። እኛን ግን እንዳትሸጠን።»

ቁልቁለቱ

ጎህ ሲቀድ ሁለት አህዮች ነድቼ ወጣሁ። ግራሩ ያለው ቆላ ስለሆነ ጭነታቸው ባዶ ጆንያ፣ የእኔ ስንቅና ለናሙና የያዝኩት አንድ የለፋ ቆዳ ብቻ ነበር። ደብረ ሲና ጭጋግ ውስጥ ነበረች። ከበላያችን ጣሊያኖቹ ተራራውን ሲሰረስሩ ድማሚቱ እየጮኸ አህዮቼ ጆሯቸውን ያቆማሉ። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን ካሚዮን በመጣ ቁጥር ከነአህያህ ገደሉ አፋፍ ላይ ትለጠፋለህ፣ ካለፈም በኋላ አቧራውን ትበላለህ። ኬላው ላይ ወታደሮች ባዶውን ጆንያ በሳንጃ ወጉት፤ ምን እንዳገኙ እንጃ።

አርማኒያ ስደርስ ጋቢዬን አውልቄ አህያዋ ላይ ጣልኩት። እዚያ አንድ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሽማግሌ አህያቸውን ውሃ ሲያጠጡ አገኘሁ። ደብረ ሲና ገበያ ዘይት ሸጠው ወደ ሸዋ ሮቢት የሚመለሱ ናቸው፤ ስማቸው ሸህ ይመር ይባላል።

«ምን ጭነሃል ልጄ?» አሉኝ።

«ባዶ ጆንያ። ፋቂ ነኝ፤ ቅርፊት ላስፈጭ ነው የምወርደው» አልኩና አህያቸውን ከአህዮቼ እስኪያርቁ ጠበቅሁ።

«እኔ ደግሞ ዘይት ጨማቂ ነኝ» አሉ። «አንተ ቆዳ ትሸታለህ፣ እኔ ሰሊጥ እሸታለሁ። አብረን እንሂድ፣ ዝንቡን እንካፈለዋለን።»

እንዲህ ያለ መልስ አልለመድኩም። አህዮቼን ከአህያቸው ጎን ነዳሁና ወሬ ተጀመረ። ቀወት ሜዳ ስንገባ ሙቀቱ ከመሬት ይነሳ ጀመር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ ማሳ፣ ከማሳው ዳር ግራር። እኔ ግራር ሳይ ዛፉን አይደለም የማየው፣ ቆዳ ነው የማየው።

ለብቻው የተቀመጠ ዋንጫ

ማደሪያ ስጠይቅ ሸህ ይመር «ቤት እያለ?» ብለው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ የማሽላ እንጀራ ከአዋዜና ከሰሊጥ ዘይት ጋር አቀረቡ። ከዚያ ከግድግዳው ላይ፣ ለብቻው ከተሰቀለበት ስፍራ፣ አንድ ዋንጫና አንድ የእንጨት ገበታ አወረዱ፣ አጠቡና እኔ ፊት አኖሩት።

ይህን ዋንጫ አውቀዋለሁ። በየሄድኩበት ለፋቂ የሚቀርብ፣ ከጠጣሁበት በኋላ የሚሰበር ወይም ለውሻ የሚሆን ዕቃ አለ። «ለእኔ የተለየ ነው አይደል?» አልኩ፤ ድምፄም ደስ የሚል አልነበረም።

«ለክርስቲያን እንግዳ ነው» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ ምንም ሳይመስላቸው። «የኛ ሥጋ የገባበት ዕቃ ለእናንተ አይሆንም አሉ። እንግዳዬ ሳይበላ እንዳያድር ብዬ ለብቻ አስቀምጠዋለሁ። ያለፈው ሳምንት አንድ ቄስ በልቶበታል።»

ቄስ በበላበት ገበታ በላሁ። በዕድሜዬ ሙሉ በሙያዬ ስለይ ኖሬ፣ በዚያች ማታ በሃይማኖቴ ተለየሁ። እንደማንኛውም የደብረ ሲና ክርስቲያን ማለት ነው። ሳቄ መጣና ሸህ ይመር «ምን አገኘህ?» ቢሉኝ ለመናገር አፈርኩ።

መኪናው

በማግስቱ ሸህ ይመር ለአጥር ከቆረጡት ግራር ቅርፊቱን እንድልጥ ፈቀዱልኝ። ላቤ እየተንጠፈጠፈ ልጬ፣ ጆንያውን ሞልቼ፣ ወደ መኪናው ነዳሁ።

ከከተማው ዳር በቆርቆሮ ዳስ ሥር ቆሟል። እውነቱን ልናገርና ግሩም ነገር ነው። ሞተሩ ቺንጋ የሚሉትን ረጅም ማሰሪያ ያዞራል፣ ቺንጋው መንኮራኩሩን፣ መንኮራኩሩ በብረቱ ሆድ ውስጥ ያለውን ጥርስ። በላይ በኩል ክንድ የሚያህል ቅርፊት ይጎርሳል፤ በታች በኩል ቀይ ዱቄት ይተፋል። እትዬ ወለላ ሳምንት የምትወቅጠውን እኔ ምራቄን ሳልውጥ ፈጨው። ቀናሁ፤ ከልቤ ቀናሁ።

ከዚያ ቺንጋውን ልብ ብዬ አየሁት። ቆዳ ነው። የበሬ ጀርባ፣ በደንብ የለፋ፣ በሰም የታሸ። ያ ሁሉ ብረት በአንድ ፋቂ እጅ ሥራ ነው የሚዞረው። ደረቴን ነፋ አድርጌ ወደ መካኒኩ ሄድኩ። ሽበታም ጣሊያን ነው፣ እስከ ክርኑ ግሪስ የተቀባ። ቺንጋውን ጠቆምኩ፣ ከዚያ የራሴን ደረት ጠቆምኩ፣ ናሙናዬን ዘርግቼ ሰጠሁት። ቆዳውን አጠፈው፣ ሳበው፣ አሸተተው። ፈገግ አለና ሞተሩን አጥፍቶ የመኪናውን ክዳን ከፈተልኝ።

ባለሙያ ሥራውን ሲያሳይ ቋንቋ አያስፈልገውም። ከላይ ትልልቅ ጥርሶች አሉ፤ እነሱ ቅርፊቱን ይቆርጡታል። ከታች እንደተወቀረ የወፍጮ ድንጋይ ያለ ብረት አለ፤ እሱ ያደቀዋል። መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ማድቀቅ። ከዚያ አንድ ደረቅ ቅርፊት አንስቶ ጆሮዬ ሥር ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ከእኔ ጆንያ ደግሞ አንዱን አውጥቶ ጠመዘዘው፤ ውሃው በእጁ ላይ ወረደ። ራሱን ነቀነቀ። እርጥብ ቅርፊት ጥርሱን ይለስነዋል፣ መፍጨት አይችልም ማለቱ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ሕጉ ተቃራኒ ነው። አባቴ «ቅርፊት በደሙ ነው» ይል ነበር፤ ደሙ ከደረቀ ቀለም የለውም ብለን ዘመናችንን ሙሉ እርጥቡን በአህያ ዳገት ስናስወጣ ኖረናል።

በዚህ መሀል ካፖ የሚሉት የሠራተኞቹ አለቃ መጣ፤ የአገራችን ሰው ነው፣ ባርኔጣው ግን የእነሱ። «ደረቅም ብታመጣ ለውጭ ሰው አይፈጭም» አለኝ። «ጣትህን ታትማለህ፣ ቤተሰብህን ታወርዳለህ፣ ጎጆ ይሰጥሃል። እምቢ ካልክ ክረምቱ ሲገባ ቆዳህ ሸትቶህ ራስህ ትመጣለህ።»

«መኪናውን ወድጄዋለሁ» አልኩት። «ጌታ ግን አልፈልግም።»

ንግግሩ ሲያወሩት ያምራል። አህዮቼን ነድቼ ስመለስ ግን ጆንያው ያንኑ እርጥብ ቅርፊት እንደያዘ ነበር። እትዬ ወለላን ምን ብዬ ነው የማያት?

የግመሉ ሙቀጫ

ሸህ ይመር ግቢ ስገባ ጠዋት ሳላስተውለው ያለፍኩትን ነገር አየሁ። ከጥላው ሥር ከአንድ ወፍራም ግንድ የተቦረቦረ ትልቅ ሙቀጫ ቆሟል፣ ውስጡ ሰው የሚያህል ዘነዘና ዘንበል ብሎ ገብቷል፣ ከዘነዘናው አግዳሚ እንጨት ወጥቶ ግመል ይታሰርበታል። ግመሉ ሲዞር ዘነዘናው ሰሊጡን ከሙቀጫው ግድግዳ ጋር እያሸ ይጨምቀዋል። የእህቴ ሙቀጫ ነው፤ አድጎ፣ ወልዶ፣ ግመል ቀጥሮ። ሰሊጥ ገና ስላልደረሰ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሁሉን ነገርኳቸው፤ የእህቴን ትከሻ፣ ጉድጓድ ውስጥ ያለውን ቆዳ፣ ካፖው ያለኝን። ከዚያ ሙቀጫቸውን ለቅርፊቴ እንዲያውሱኝ ጠየቅኋቸው።

ቀድመው የመለሱት እትዬ ዘሀራ ናቸው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ይኸ የሚበላ ነገር የሚጨመቅበት ነው። የፋቂ ቅርፊት ገባበት ከተባለ ዘይታችንን ማን ይገዛል? ወላሂ ርኩስ ነው ይላሉ።» አልተቀየምኳቸውም፤ እውነታቸውን ነው። የሚኖሩት በዚያ ዘይት ነው።

ሸህ ይመር ከጆንያዬ አንድ ቅርፊት መዘው አገላበጡ። «ልጄ፣ ቅርፊቱ ቆዳውን ምን ያደርገዋል?» አሉኝ።

«እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ሽታውን ያጠፋል። ያጠራዋል።»

«ይኸውልሽ» አሉ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። «በሸሪዓችን የሞተ ከብት ቆዳ እንኳ ሲለፋ ጦሃራ፣ ንጹሕ ይሆናል፤ ይሰገድበታል። ሌላውን የሚያጠራ ነገር ራሱ እንዴት ይረክሳል? ምሬቱ እንደሆነ በፈላ ውሃና ከሰሊጡ በሚተርፈው ፋጉሎ ይታጠባል። የጠየቀኝ ካለ እኔ እመልስለታለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ፣ «ሒሳቡ አንድ ቆዳ ነው። ለመስገጃ የሚሆን ለስላሳ አልፋልኝ። ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

እኛ የለፋነው ቆዳ ላይ ግንባራቸውን ሊያሳርፉ ማለት ነው። ጆንያዬን ለመፍታት ተነሳሁ።

መካኒኩ እንዳሳየኝ እንዲደርቅ ብዬ ቅርፊቱን መሬት ላይ አሰጣሁት። የሮቢት ፀሐይ ደግሞ ሥራ አይለግምም፤ ደብረ ሲና ወር የማይደርቅ ነገር እዚያ በጥቂት ቀን ቀጭ የሚል ሆነ። ልቤ ግን አልተረጋጋም። አባቴ ልክ ከሆነ የምፈጨው ገለባ ነው፣ ቆዳውም ይሞታል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ በመጥረቢያ ከታተፍኩትና ሙቀጫው ውስጥ ጨመርኩት። መጀመሪያ መቁረጥ፣ ቀጥሎ ማድቀቅ።

ግመሉ ዓይኑ ተሸፍኖ መዞር ጀመረ። አንድ ዙር ሄደና ቆመ። ቢመታም አይንቀሳቀስም። ጠጋ ብዬ ሳይ አንገቱን ወደ ክምሩ ሰድዶ ቅርፊቴን ያኝካል። ረስተነው እንጂ ግመልና ግራር ባልንጀሮች ናቸው።

«ዓይኑን አሰርን እንጂ አፍንጫውን መቼ አሰርን» አሉ ሸህ ይመር። እትዬ ዘሀራ እየሳቁ መረብ አምጥተው አፉን ለጎሙት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እሳቸውም ከእኔ ወገን ሆኑ።

ዱቄቱ መውጣት ሲጀምር ጥቂት ዘግኜ በዋንጫዬ ውሃ ላይ በተንኩት። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ስገልጥ ውሃው ቀልቷል፤ በእርጥቡ ካየሁት ሁሉ የጠቆረ ቀይ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት፤ ምላሴን ጭምድድ አደረገው። ለካስ ደሙ በመድረቁ አይሞትም። አባቴን «ይቅር በለኝ፣ ተሳስተሃል» አልኩት በልቤ፤ በሕይወት ቢኖር ከሁሉ ቀድሞ ደስ የሚለው እሱ ነበር።

ዳገቱ

ደረቅ ዱቄት ቀላል ነው። አህዮቼ ዳገቱን እንደ ባዶ ወጡት። ለካ አባቶቻችን ተራራ ሲያስወጡ የኖሩት ውሃ ነው። ኬላው ላይ ወታደሩ ጆንያውን ወጋው፤ ቀይ ዱቄት ፊቱ ላይ በነነና ደጋግሞ አስነጠሰው። በእጁ ሂድ አለኝ።

ግቢ ስገባ እትዬ ወለላ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣ ነበር። ቆዳው መሽተት ጀምሯል፤ አልበሰበሰም ግን። ዱቄቱን እፍኝ አንስታ በጣቶቿ አሸችው፣ ወደ ዓይኗ አቀረበችው።

«ማነው የወቀጠው?» አለችኝ፣ ቅናት ባለበት ድምፅ።

«ግመል።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አለችና ዱቄቱን ወደ ማልፊያው ውሃ በተነችው። ከሳምንታት በኋላ የመጀመሪያውን ቆዳ ቁራጭ በቢላ ስንሰነጥቀው ቀለሙ መሀሉ ድረስ ገብቶ ነበር። ከዚያ ዓመት ቆዳ አንድም አልበሰበሰብንም፣ ማንም ከግቢያችን ጣቱን ሊያትም አልወረደም። ክረምቱን ግንድ ቦርቡረን የራሳችንን ሙቀጫ ተከልን፤ ግመል ብርዱን ስለማይችል በቅሎ አሰርንበት። ቅርፊቱን እዚያው ሮቢት አድርቀን ማምጣት ልማዳችን ሆነ። የጣሊያኑ መካኒክ ቢያየው የራሱን ትምህርት ያውቀው ነበር።

ስለ ዋንጫው ለእትዬ ወለላ ስነግራት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። «እዚያም ለዩህ?» አለች። በክርስትናዬ መሆኑን ስነግራት በሽተኛ ትከሻዋን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። በሚቀጥለው ገበያ አዲስ ዋንጫ ገዝታ መጣችና ምሰሶው ላይ ለብቻው ሰቀለችው።

መንገድ ምን አስተማረህ ብትሉኝ ይህን ነው፤ ሰው ለብቻህ ዕቃ ሲያቀርብልህ ፈርቶህም፣ አክብሮህም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ከጠጣህ በኋላ ዋንጫውን ሲሰብረው ወይም መልሶ ሲሰቅለው ነው።

መስከረም ከጠባ በኋላ ሸህ ይመር ቃላቸውን ጠብቀው መጡ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥር ላይ ወጥቶ ያያል። እሳቸው እጅ እግራቸውን ታጥበው፣ የለፋንላቸውን ቆዳ ግቢያችን መሀል፣ በቅሎዋ ከምትዞርበት ሙቀጫ አጠገብ አነጠፉና ሰገዱበት። ሲጨርሱ እትዬ ወለላ ዋንጫውን ከምሰሶው አውርዳ የማር ብርዝ ሞልታ ሰጠቻቸው። ቢስሚላህ ብለው ጠጡና ባዶውን መለሱላት። እሷም አጥባ፣ አጥር ላይ ያለው ሰው ሁሉ እያየ፣ እዚያው ምሰሶ ላይ መልሳ ሰቀለችው።