ጋሽ ይርጉና ባለ ብርማ ቀሚሷ

ጋሽ ይርጉ በስደት በምንኖርበት ስካይዌይ በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ ነበሩ። ታክሲ ይነዳሉ፤ ጠዋት ጠዋት ልጄን ሳሌምን ትምህርት ቤት ያደርሱልኛል። ደግ ናቸው፣ ግን ግትር። ስኳር እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቅም ሐኪም ቤት አይሄዱም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባሉ ይስቃሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት እሳቸው ቤት ፊልም እናያለን። ፊልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ያዩት የድሮ የሆሊውድ ኮሜዲ፣ ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት። ባለ ብርማ ቀሚሷን ተዋናይት እንደ ዘመድ ይወዷታል። ማን መቼ እንደሚዘፍን፣ ማን መቼ እንደሚወድቅ ቀድመው ይነግሩናል። ባለቤታቸው ማንአልሞሽ «ሚስቱ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?» እያለች ታሾፋለች።

በዚያ ክረምት የታክሲው የጎን መስታወት ተሰበረ። ቀጥሎ በሩ ተጨረመተ። «ፓርክ ማድረግ የማይችል ሁሉ መኪና ይይዛል» አሉ። አንድ ቀን ሳሌም «ማሚ፣ ሂ ራን ዘ ሬድ ላይት» አለችኝ፤ ቀይ መብራት ጥሰው አለፉ ማለቷ ነው። ግን ውለታ የሚውልልኝን ትልቅ ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ? ይሉኝታ ያዘኝ።

የዚያን ቅዳሜ ፊልሙ መሃል ላይ ቴሌቪዥኑ ጠቅ አለና ምስሉ ጠፋ። ድምፁ ግን ቀጠለ። ጋሽ ይርጉ ጥቁሩን የቴሌቪዥን መስኮት እያዩ ሳቁ።

«እዩዋት፣ ደረጃውን ስትወርድ። ቀሚሷ ሲያብረቀርቅ አያችሁ?»

ደስታቸው የእውነት ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ሳሌም ልትናገር ስትል እጇን ያዝኩ። ማንአልሞሽ ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው። ለካ ታውቅ ነበር።

ጋሽ ይርጉ ብድግ አሉ። «ሶ፣ ሳሌምዬ፣ መዝሙር ጥናት አለሽ አይደል? ነይ ላድርስሽ።»

እጃቸው ጠረጴዛውን መዳበስ ጀመረ። የታክሲውን ቁልፍ ቀድሜ አነሳሁት።

«ማንአልሞሽ፣ ቁልፌን የት አደረግሽው?»

ፊት ለፊታቸው ይዤው ቆሜያለሁ።

«እኔ ጋ ነው፣ ጋሽ ይርጉ። ከእንግዲህ አልሰጥዎትም» አልኩ። «ምስሉ እኮ ከጠፋ ቆየ።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ተዋናይቷ አሁንም ትዘፍናለች።

«የቱ ጋ ነው የጠፋው?» አሉ ሚስታቸውን።

«ደረጃው ጋ ሳትደርስ» አለች ማንአልሞሽ።