የጠላው ቅምሻ

ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ በከፈተው ሐኪም ቤት በነጻ የሚታከመው መሣሪያውን አስረክቦ የገባ ወይም ዋስ ያለው ድሀ ብቻ ነበር። በዱር ለሚዋጋ ሰው አልጋው መቃብሩ ነው። ገረዲቱ ትሁን ግን በዱር ሲዋጉ ትከሻቸውን በስቶ ባለፈ ጥይት የቆሰሉትን ጌታዋን "ድሀ አጎቴ ናቸው፤ በሬ ወግቷቸው ነው" ብላ፣ ራሷ ዋስ ሆና አስተኛቻቸው።

ሽማግሌው ቡትቶ ለብሰዋል። ሲተኙ ጀርባቸውን ለግድግዳው፣ ዓይናቸውን ለበሩ ይሰጣሉ። ሐኪሙ የተሰባበረ ትከሻቸውን በወረንጦ ሲጎረጉር ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል እንጂ ድምፅ አያወጡም። ጎናቸው የተኛው በሽተኛ ሲጮህ "ዋጥ አድርገው፤ ደስ አይበላቸው" ይሉታል።

አንድ ቀን ትሁን በቅል ጠላ ይዛላቸው መጣች። በዋንጫ ስትቀዳ የለመደ እጇ ቀደማት፤ በመኳንንት ቤት መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት እንደሚደረገው፣ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና አጎንብሳ ሰጠቻቸው።

በሩ ላይ የቆመው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የጋይንት ተወላጅ፣ የመኳንንቱን ወግ የሚያውቅ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባው።

"ለድሀ አጎት ጠላ የሚቀመሰው ከመቼ ወዲህ ነው?" አለና በአለንጋው ፊቷን ሰነጠቀው። ሁለት ወታደሮች ሽማግሌውን በቆሰለው ክንዳቸው ጎትተው ከአልጋው አወረዷቸው። ቁስሉ ተተረተረ፤ ደሙ ወለሉን አለበሰው።

ዋንጫው ግን ከደኅናው እጃቸው አልወደቀም። ተንበርክከው እስከ አተላው ጨለጡት፤ ሪዛቸውን ጠርገው ባዶውን ዋንጫ ለአስተርጓሚው ዘረጉለት።

"ለኔስ እሷ ቀመሰችልኝ። አንተ እነሱ የሚያጎርሱህን ማን ይቀምስልሃል?"